አርባ ቀን ወንዝ አትሻገር

«ቱባን የሰፈር ውሻ እግሯን ጨረፍ አድርጓት ነበር። የአገር መድኃኒት አጠጥተናታል፤ አርባ ቀን ወንዝ አትሻገር ተብላለች። አሁን ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። በሰው አገር ሆነህ እንዳትጨነቅ ብለን ነው ያልነገርንህ።»

ለምወድሽ እህቴ ለኡሙሃኒ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከላይ ያሰፈርኩት ትናንት የላክሽልኝ መልእክት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። እንደ ወጉ እንዴት ከረማችሁ፣ የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይ፣ የባልሽ የአክረም ወገብ ዛሬም ያመዋል ወይ፣ ክረምቱስ እንዴት አለፈላችሁ ብዬ ልጀምር ነበር። አሁንም ሁሉንም እጠይቃለሁ። ነገር ግን «ደህና ነን» የምትለዋን መልስ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበላትም። መስከረም 27 ቀን ስደውልልሽ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽኛል። ልጅሽ ከተነከሰች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

እዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምርጫ አለ። በድምፅ መስጫው ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ጥያቄ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቧል። የእብድ ውሻ በሽታን ለመከላከል ግዛቱ ውሾችንና እንደ ቀበሮ ያሉ የዱር እንስሳትን በነፃ ያስከትብ ወይ፣ ገበሬዎችስ ከብት የሚበሉ አዳኝ አውሬዎችን ከአሁኑ በቀለለ ፈቃድ ይግደሉ ወይ የሚል ነው። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ማሰራቸው ራሱ አናዶኛል። መርፌውን የሚፈልግ ሰው ጥይቱንም አብሮ እንዲያጸድቅ ተደርጓል። የማኅበራችን ሰዎች ግን፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምረሃልና ነገሩን በአማርኛ አስረዳን ብለው ለመኑኝ። ቅዳሜ ዕለት ሌክ ስትሪት አጠገብ ባለ አዳራሽ ሰባ ያህል ሰው ተሰበሰበ።

ሙሊሳ የሚባል፣ ሻኮፒ በምትባል ከተማ መጋዘን የሚሠራ ቀልደኛ አለ። እጁን አወጣና «ጋሼ መንሱር፣ ቀበሮው ራሱ ሲቲዝን ሆኖ ይምረጥ እንጂ እኔን ምን አገባኝ? እኔ የማውቀው አውሬ ሱፐርቫይዘሬን ብቻ ነው» ብሎ ሰውን ሁሉ በሳቅ ገደለው። እኔ አልሳቅኩም። የወንድማችንን የይመርን ነገር ነገርኳቸው። ስጨርስ ሙሊሳ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ተቀምጦ ነበር።

እሑድ ዕለት ስለ ክትባቱ ብቻ ሦስት ደቂቃ ያህል ተናግሬ ድምፄን ለእናንተ በቴሌግራም ላክሁ። በዚያ ውስጥ ይመርን አላነሣሁም። ያንቺ መልእክት የመጣው ለዚያ መልስ ሆኖ ነው። ኢገን በምትባለው ከተማ፣ መሥሪያ ቤት ምሳ ላይ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ምግቡን ትቼ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ደወልኩ።

የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ግን በጽሑፍ ይቀመጥ። አንቺ «ምንም አይደለም ጋሼ» ብለሽ ስልኩን ለአክረም ሰጠሽው። አክረም ቁስሉ ደርቋል ብሎ ለእማዬ አቀበላት። እማዬ መረቀችኝና እዚያ ብርዱ ገባ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን የነገረችኝ ቱባ ብቻ ናት። ትምህርት እንዴት ነው ስላት «አልሄድም፣ ትምህርት ቤቱ ወንዝ ማዶ ነው» አለችኝ። ሆስፒታሉስ ስላት «እሱም ማዶ ነው» አለች። ውሻው የት ሄደ ብዬ ስጠይቃት «በሦስተኛው ቀን ለሃጩ እየተዝረበረበ ሞተ» አለችኝ፣ የፈተና ጥያቄ እንደምትመልስ ሁሉ። የተነከሰችበትን ቀንም በትክክል የምታውቀው እሷ ናት፤ መስከረም 24። ሦስት አዋቂ ሰው የደበቀኝን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነገረችኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ይመር በወባ አልሞተም።

አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነበር። እኔ አሥራ ሁለት፣ እሱ አሥራ አራት። ውሻ ክንዱን ነከሰው። አሁን ቱባን ያጠጣችኋትን ዓይነት መድኃኒት ጠጥቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር ተባለ፤ አልተሻገረም። ወደ ቦርከና እንዳይወርድ በር ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። አርባው ቀን ሲሞላ እማዬ ጎረቤት ጠርታ ዱዓ አስደረገች። ልጄ ዳነ ብላ አለቀሰች። በሃምሳ አንደኛው ቀን ውሃ አምጡልኝ አለ። ጣሳውን ይዤለት ስቀርብ ገና ከሩቅ ሲያየው ጉሮሮው ተያዘ። ጣሳውን ከእጄ ጥዬ ሮጥኩ። በአራተኛው ቀን ቀበርነው። ሆስፒታሉ ያኔም ማዶ ነበር።

ስታድጊ ጠየቅሽን፤ ወባ ነው አልንሽ። ይመርን ለማያውቁ ሰባ ሰዎች ማይክ ይዤ የተናገርኩትን ለአንቺ ለእህቴ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አልነገርኩሽም። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። አየሽ፣ ያንቺው ቃል ነው። ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ቱባን መስከረም 24 ቀን ራሱ ድልድዩን ታሻግሪያት ነበር። ስለዚህ ቁጣዬ በራሴም ላይ ነው። ካንቺ ግን አላነሣሁትም።

ክትባቱ ዛሬም ይሠራል። ምልክቱ እስካልታየ ድረስ አልረፈደም። ከታየ በኋላ ግን እዚህ አገር እንኳ ቢሆን ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህን እንዳነበብሽ፣ ሌላ ሥራ ሳትጀምሪ፣ እጇን ይዘሽ ወንዙን ተሻገሪ። ለሐኪሙ የነከሳት ውሻ መሞቱንና ምን እንዳጠጣችኋት ሳትደብቂ ንገሪው። የሚያዝላትን መርፌ ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ በቀኑ ትወጋ። እዚያ አልቋል ካሏችሁ በዚያው ወደ ደሴ ውጡ። እማዬ ብትቆጣ መንሱር አዟል በያት። መድኃኒት አዋቂው ከተቆጣ ደግሞ ስልክ ቁጥሬን ስጪው።

ልጄ ሶሬቲ ስጽፍ አይታኝ፣ በእንግሊዝኛዋ፣ ለምን በቪዲዮ አትደውልላትም አለችኝ። በቪዲዮማ ሁላችሁም ትስቃላችሁ፤ ስልኩም ከእጅ እጅ ይዞራል። ጽሑፍን ግን ለሌላ ሰው አያቀብሉትም። በእጄ ጽፌ ፎቶ አንሥቼ የላክሁልሽ ለዚህ ነው። ለእማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፣ የይመርንም ክፍል ሳትዘዪ። እዚህ ሕዝቡ በሙሉ ስለ ቀበሮ መርፌ ድምፅ ይሰጣል። የቱባን መርፌ የምትወስኑት ግን አንቺና አክረም ብቻ ናችሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይመርን አልረሳሁትም በያት። አክረምን ሰላም በይልኝ፤ እንደ ወንድም ስለማየው ነው የተቆጣሁት። ቱባን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እውነት ስለተናገረች ማንም እንዳይቆጣት። ባለቤቴ ፈነት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እሷንም ሶሬቲንም በጣም ናፍቃችኋቸዋል።

መልስሽን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ድምፅ እንዳትልኪ። የቱባ ስምና የመጀመሪያው መርፌ ቀን በግልጽ የሚነበብበትን የክትባት ካርድ ፎቶ አንሥተሽ፣ በእናንተ አቆጣጠር እስከ ሐሙስ ጥቅምት 12 ቀን ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ላኪልኝ።

ወንድምሽ መንሱር
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን