በጁሃር ሱቅ ደጃፍ

ለልጄ ለቀለመ ወርቅ፤ የቤተ ልሔሟ እመቤት በሰው አገር ጥላ ትሁንህ።

አባትህን ከቀበርን ወዲህ አለሁ ማለት ይከብደኛል። ገብሱንም ውርጭ መታው። የሬዲዮ ጋዜጠኝነት ትምህርቴን ስጨርስ ጥሩ ደመወዝ አገኛለሁ ብለህ ጽፈሃል። እኔም ወጪውን ልንገርህ። ለትምህርትህ ጥማድ በሬአችንን ከሸጥን ወዲህ መሬታችንን ሌላ ሰው እያረሰ እኩሌታውን ይወስዳል። አባትህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጸጸተም። የሬዲዮ ተማሪ ሁሉ ገና ሳይጨርስ ሬዲዮ ላይ የሚናገር መስሎት በየዓርቡ ገበያ እየወረደ ሬዲዮ ካለው ከጁሃር ሱቅ ደጃፍ ይቆም ነበር።

«ጁሃር፣ ልጄ ዛሬ ይናገራል?»

«አይ አያ ተክሌ፣ ትናንት ተናግሮ አመለጠዎ!»

ያችን ይዞ ደስ ብሎት ይመለሳል። አልጋ ላይ ከወደቀም በኋላ «ዓርብ መቼ ነው?» ይለኝ ነበር።

ደመወዝህ በሬውን ይመልስ ይሆናል። ያን ሁሉ ዓርብ ግን በምን ትመልሰዋለህ?

አንድ ነገር ልለምንህ ልጄ፤ መጀመሪያ የምትናገርበት ቀን ዓርብ ይሁን። በአባትህ ቦታ ቆሜ እሰማሃለሁ። የጁሃርም ቃል ውሸት ሆኖ አይቅር።

ድምፅህን እመብርሃን ትጠብቅልኝ።

እናትህ ሐረገ ወይን