የደረሰብሽን ጻፊ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? የክሊቭላንድ ብርድ ዳሌሽን እንዴት አደረገው? ወንድሜስ ዛሬም ጨው የሌለው ምግብ ነው የሚያበላሽ? እኛ እዚህ ሞቢል ከተማ ደኅና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ እንደ ልማዱ ነው። ይህን በስልክ ልነግርሽ አምስት ጊዜ ሞክሬ አምስቴም ወሬ አስቀየርሽኝ። ስለዚህ ይኸው በወረቀት መጣሁብሽ።

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርሽ፤ የተጎዱ ባለቤቶች ከመንግሥት ሥራ ድርሻ የሚያገኙበት የምስክር ወረቀታችን ታደሰ። ድርጅትሽ አይዘጋም። ስድስቱም ሠራተኞች ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ማክሰኞ ለአዲሶቹ የአውቶብስ መጠለያዎች ሲሚንቶ እናፈሳለን። እፎይ በዪና ቀሪውን አንብቢ።

ደንቡ መለወጡን ሰምተሻል። በአንቺ ጊዜ ጥቁርም ሴትም ከሆንሽ፣ መጎዳትሽን ሕጉ ራሱ ይገምትልሽ ነበር። አሁን ግምት ቀርቷል። እያንዳንዱ ባለቤት ምን እንደደረሰበት፣ መቼና በማን፣ በገዛ ቃሉ ጽፎ፣ ማስረጃ አያይዞ እንደ አዲስ ማመልከት አለበት። ያ ወረቀት ከሌለሽ ደግሞ ያን ድርሻ የሚሰጡት ትልልቆቹ ተቋራጮች ዞር ብለው አያዩሽም።

እኔም ተቀምጬ ጻፍኩ። ምን ብዬ? ልክ ቤተ ክርስቲያን ተነስተን እንደምንመሰክረው! «እናቴ በአንዲት አሮጌ መኪና ጀምራ፣ ፈጣሪ ረድቶን፣ አንዳች ሳይጎድልብን…» አራት ገጽ ሙሉ ምስጋና። ማመልከቻውን የሚያየው የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ ወይዘሮ ፒኬንስ፣ በእድሜ አንቺን የሚያክሉ ናቸው፣ ደወሉልኝ። «የኔ እመቤት፣ አንብቤው አልቅሻለሁ። ግን በዚህ ጽሑፍ ከሄድን በአላባማ እንዳንቺ እድለኛ ሴት የለችም። የተደረገልሽን ተይና የደረሰብሽን ጻፊ» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶሽን ያቦኩልሽ ሚስተር ኦታ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እናትሽ ናት እንዲህ ያደረገችሽ፤ ያቺ ሴት ቤቷ ቢቃጠል እንኳ ‹ተመስገን፣ ሞቅ አለን› ነው የምትለው» አሉ።

አልተሳሳቱም። ገመና ደጅ አይወጣም ብለሽ ነው ያሳደግሽን። ሁለተኛውን ጽሑፍ ግን ጀመርኩ። ብድር የከለከለንን ባንክ ጻፍኩ። በእኛ ስም ጨረታ አሸንፎ ከዚያ ስልካችንን የማያነሳውን ተቋራጭ ጻፍኩ። እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ። ከዚያ የሃያ አራት ዓመቴን ጻፍኩ።

ለዚያ ለዋናው ተቋራጭ ለድሬክስለር የአውቶብስ ጣቢያውን ወለል ስንሠራ፣ ወረቀት ላስፈርም ኮንቴይነር ቢሮው ድረስ ላክሽኝ። በሩን ዘጋው። ያለኝንና ያደረገውን እዚህ አልደግመውም፤ እዚያ ጽፌዋለሁ፣ አንዴ ይበቃኛል። ቤት ገብቼ ነገርኩሽ። ምድጃው ላይ ነበርሽ። ዞር እንኳ ሳትዪ «ታጠቢና ራትሽን ብዪ» አልሽኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣሽም። ወዲያው ያ ሥራ ከእጃችን ወጣ። ለምን ብዬ ስጠይቅሽ «በዋጋ አልተስማማንም» አልሽ። እኔም ሥራው ቆጫት እንጂ እኔ አላሳዘንኳትም ብዬ ደመደምኩ። እማዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀየምኩሽ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ከእሑዱ ምሳ ስቀር የኖርኩት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

ወይዘሮ ፒኬንስ «ለዚህኛውስ ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። በር ተዘግቶ ለተደረገ ነገር ምን ማስረጃ ይኖራል? ያን ገጽ ላወጣው ቆርጬ ለሚስተር ኦታ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ። «እናትሽ ያኔ ለድሬክስለር አድርስ ብላ የሰጠችኝ ደብዳቤ ግልባጭ ነው። ቢሮው የተቀበለበት ማኅተም አለበት። አቃጥለው ብላኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያቺን ሴት መቼ ሰምቻት አውቃለሁ» አሉኝ።

ጽሕፈቱ የአንቺ እጅ ነው። ቀኑ እኔ የነገርኩሽ ቀን ማግስት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ሰዎቼንም መሣሪያዬንም ከሥራህ አንስቻለሁ። በልጄ ላይ ያደረግኸውን አንተም እኔም እናውቃለን። ደጄ እንዳትደርስ።»

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ሥራ ቦታ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ዓይኗ ገባ ብለው ውሃ ይዘው ሮጡ። ሰምተሽኝ ነበር! በሕይወትሽ ያገኘሽውን ትልቁን ሥራ በማለዳ ለእኔ ብለሽ ጥለሽ፣ ለእኔው ግን «በዋጋ አልተስማማንም»! ምናለ አንዲት ቃል ብትተነፍሺልኝ? በጣም ተናድጄብሻለሁ። ደግሞ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ወይዘሮ ፒኬንስ ደብዳቤውን አይተው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። በሦስተኛው ሳምንት የምስክር ወረቀቱ መጣ፤ ሚስተር ኦታ የጎድን ጥብስ ገዝተው ሠራተኛውን ሁሉ ጋበዙ። ሁሉም ግን እንደኛ አልቀናውም። የመንገድ ዳር አጥር የምትሠራው ጎረቤታችን «ለመንግሥት የማሳየው እንባ የለኝም» ብላ ቅጹን ቀድዳ ጣለችው። አልፈርድባትም።

ሳላስፈቅድሽ ደብዳቤሽን ለሰው ስላሳየሁ ይቅር በዪኝ። ቂሜንም ይቅር በዪኝ።

በሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ እናንተ ጋ ነኝ። ዛሬም ከምሳው ትቀራለች ብለሽ አትስጊ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለሱ በሩ ላይ ታገኙኛላችሁ። ስለዚህ ነገር ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም። አጠገብሽ ልቀመጥ ብቻ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ እኔን ከመቆጣትም አያሳንፍሽ።

ዘግይታ የሰማችሽ ልጅሽ