አባዬ ያዘነቡት ዝናብ

ሰኞ
የአባዬ ስም ግድግዳ ላይ ሊወጣ ነው! መሀል ከተማ ያለው ያ የሬዲዮና የቲያትር ሕንፃ ታድሶ ይከፈታል፤ የጥንት ሠራተኞቹ ስምና ሙያ መግቢያው ላይ ይጻፋል። ታሪኩን የሚያጠናው ሰለሞን ደውሎ «ኦቦ ቶሎሳ በሕይወት አሉ?» አለኝ። አሉ እንጂ! ቡራዩ ቁጭ ብለው ጎረቤት ያማሉ አልኩት።

ማክሰኞ
ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። መዝገቡ ላይ አባዬ «ጽዳት» ነው የተባሉት። እንዴ! ጠዋት ቢጠርጉም፣ በሬዲዮ ድራማ ዝናብ የሚያዘንቡት እሳቸው ነበሩ። ሰፌድ ላይ እያንከባለሉ፣ ምስር ለካፊያ፣ ሽምብራ ለዶፍ፣ በቆሎ ለበረዶ።
ሰለሞን «ማስረጃ አለ?» አለ። ዝናብ ፎቶ ይነሳል?
አባዬ «ተይው፣ መጥረግም ሥራ ነው» አሉ። ምሳቸውን ግን አልነኩትም።

ረቡዕ
ሰለሞን መጣ። አባዬ መጀመሪያ ወሬ አወሩለት። ሕንፃው ሲያልቅ ሲሚንቶው ራቁቱን ነበርና፣ ቀለም ቀቢዎቹ እስኪመጡ ብለው ስንት ወር መስኮት ሳይወለውሉ ጠበቁ። ለካ ዲዛይኑ ነው! ቲያትሩና ስቱዲዮው በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ ደግሞ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ ለዜና አንባቢው የተጨበጨበ ይመስል ነበር። ሰለሞን ሳቀ፤ ግን «ዝናቡስ?» አለ።
«ግቢ ወጥተህ ቁጭ በል» አሉት። እሳቸው ሰፌዱን ይዘው ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ቀሩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሽምብራው ጀመረ።
ጎረቤታችን አስካለ «ወይኔ በርበሬዬ!» እያለች በረረች፤ ያሰጣችውን በቀሚሷ ታፍሳለች። ሰለሞን ቦርሳውን አናቱ ላይ ደፋ። እኔ፣ ሽምብራውን በእጄ የሰፈርኩላቸው፣ ሁለት አንሶላ ከገመድ ካወረድኩ በኋላ ነው የባነንኩት።

ሐሙስ
ሰለሞን አልደወለም። ስልኬን ሞልቶ ሳለ ሦስቴ ቻርጅ ሰካሁት። አስካለ በርበሬዋን ከነጠጠሩ ስላፈሰች አኩርፋለች። አባዬ ባጥር በኩል «አስካለ፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ? ዛሬ አይዘንብም» አሏት። ባሰባት።

ዓርብ
ተደወለ! «ቶሎሳ፣ ዝናብ አዝናቢ» ተብሎ ይጻፋል። አባዬ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ጽዳቱንም ይጨምሩ፤ ጠርጌዋለሁ እኮ» አሉ። ሰለሞን እሺ አለ።
ሰበታ ያለችው እህቴ፣ የሱሉልታ ዘመዶች፣ አስካለም ጭምር፣ ማንም እንዳይቀር። አስካለ ግን በርበሬዋን አስገብታ ትምጣ፤ አባዬ ሰፌዱን ይዘው ነው የሚሄዱት። ምርቃቱ ቅዳሜ ሳምንት፣ ስምንት ሰዓት!