ከምስማሮቹ ሥር የተገኘው ክኒን

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት

እህትህ ቤት ለተደበቅከው ዝምተኛው አናጺዬ፣

ፊደሌ ተንጋዶ ስታየው አትደንግጥ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነው። ያሳክከኛል እንጂ ምንም አልሆንኩም። ምንም አልሆንኩም። ይህን ቃል ሰሞኑን ስንቴ አልኩት።

ትተኸው የሄድከውን ብጣሽ ወረቀት አነበብኩት። «አውሬ ሆኛለሁ፣ ሳልገድልሽ ልሂድ» ብለሃል። ሠላሳ ዓመት እጁን ያላነሳብኝ ሰው አውሬ አይደለም። ይህን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት፤ መጀመሪያው ግን ጠፋኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሾርባህን ጨልጠህ፣ ዳቦውን ትተህ ጓሮ ወደ ሥራህ ወጣህ። ሾርባውን በመጨረስህ ደስ አለኝ። ይህን ያዝልኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረፋድ ላይ ተመለስክ። ሸሚዝህ በላብ ርሷል፣ ከንፈርህ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆንክ?»

«አንቺ ማነሽ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ መዶሻው። መስታወቱ፣ የስፌት መኪናዬ፣ ክንዴ። አጥንቴ እንደ ደረቅ ጣውላ ጮኸ፤ ድምፁን አንተ ታውቀዋለህ። ካውያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንስቼ ግንባርህን መታሁህ። ቁስሉን «ስትወድቅ ነው» ብዬህ ነበር። ስትወድቅ አይደለም።

ጸጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ከሁለት ሰዎች ጋር ገባ። በእርግጫ ጥለው በገመድ አሰሩህ። «ገና በጠዋቱ ጠጥቶ! ጠርሙሱን ፈልጉ!» ይላል።

«እሱ በሻይ የሚሰክር ሰው ነው፣ ዞር በል!» አለችው ማዶ ያለችው ነርስ፣ የስኳር መለኪያዋን ይዛ እየገባች። ጣትህን ወጋች። «ሃያ ስምንት! ስኳሩ አልቋል! ሰውዬው እየሞተ ነው እናንተ ታስራላችሁ? አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ ያንቀዋል!»

ጤና ጣቢያ በደም ሥርህ ግሉኮስ ሰጡህ። ለሽንትህ ሕመም የታዘዘልህ ኮትሪሞክሳዞል የስኳር ክኒኑን ጉልበት ጨምሮታል አሉ። «በቀን ስንት ነበር የሚውጠው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንድ» አልኩ።

አንድ። «በሽተኛ አይደለሁም፣ አልውጥም» ብለህ ከማልክ ጀምሮ በየጠዋቱ አንዱን ፈጭቼ ሾርባህ ውስጥ እጨምር ነበር። እሷን አንዷን ነው የቆጠርኩት።

አንተ ከሄድክ በኋላ የምስማር ቆርቆሮህን አነሳሁ። ከምስማሮቹ ሥር ራስህ የገዛኸው የዚያው ክኒን ማሸጊያ። ባዶ፣ ሁሉም። ለካ በድብቅ ስትውጥ ኖረሃል፤ እኔ «አላልኩህም?» እንዳልልህ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

መድኃኒት ቤት ሄጄ ለባለሙያዋ «አንዲት ጎረቤት አለችኝ» ብዬ ታሪኩን ነገርኳት። ባለሙያዋ ጀሶዬን እያየች ሰማችኝ። «ለጎረቤትዎ ይንገሯት እናቴ፣ ጨው እንኳ ሁለት ሰው ተደባብቆ ሲጨምረው ምግብ ያበላሻል። ይሄ ደግሞ ጨው አይደለም።»

ስለዚህ አዲስ ያዘዙልህን ብቻ ዋጥ። ሳትበላ አትዋጥ። የቱም ሐኪም ሌላ መድኃኒት ሲጽፍልህ የስኳሩን አስቀድመህ ንገረው። ላብ ካጠመቀህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ቶሎ ስኳር ቃም። እህትህ ይህን ታንብበው።

ቀጥሎ ያለውን ግን እሷ አታንብበው።

ሁለቴ ነው የመታሁህ። የመጀመሪያው ነፍሴን ለማዳን ነው። ሁለተኛው ጊዜ ታስረህ ነበር። ነርሷ ገና አልገባችም፣ ሰዎቹ ጠርሙስ ይፈልጋሉ፣ አንተ ዓይን ዓይኔን ታየኛለህ። በዚሁ በምጽፍበት እጅ መታሁህ። ያን ጊዜ ምን አስቤ እንደነበር ሌት ተቀን እጠይቃለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ መሰለኝ፤ ፍርሃት አልነበረም።

እንግዲህ ማን ማንን ፈርቶ ይሽሽ?

ፈጣሪ ደምህንም ልብህንም ያረጋጋልህ። መዶሻህን ከቦታው አላነሳሁትም፤ አጠገቡ አንድ ብልቃጥ ስኳር አስቀምጫለሁ። ከመጣህ፣ ሾርባህን ራስህ ትቀዳለህ።

ሚስትህ