ተንቀሳቃሽ ንብረታችን ስለተንቀሳቀሰች ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ ዘላለም
የአለኝታ ባንክ የሐረር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
በክብር ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ዘወትር «ሲስተም የለም» የሚባልላቸው ኮምፒውተሮችዎም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባልንጀራዬ ሩቂያም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አህዮቻችንም ደህና ናቸው፤ ባንክ ቤት ከገቡ ወዲህ ትንሽ ኮራ ማለታቸው ካልሆነ በስተቀር።

ማመልከቻችን ጠረጴዛዎ ላይ ከርሟልና እንደሚያውቁን ቆጥሬ ልቀጥል። የጀጎል ጠባብ መንገድ መኪና ስለማያስገባ፣ ሲሚንቶውንም ፍሪጁንም የሙሽራውንም ቁም ሣጥን ሸዋ በር ላይ እየተቀበልን በአህያ ቤት ለቤት የምናደርስ ሁለት ሴቶች ነን። ሥራው በዛና አህያው አነሰን። ባንክዎ አደባባዩ ላይ ድምፅ ማጉያ ተክሎ «አነስተኛ ነጋዴዎች ሆይ! ቤት ማስያዝ ቀረ! ተንቀሳቃሽ ንብረት ይዛችሁ ብቻ ኑ!» ያለውም ያኔ ነው። ሩቂያ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺ ሥራዬ፣ ወላሂ፣ ከአህያ ወዲያ ምን የሚንቀሳቀስ አለ?» አለችኝ። ቀጥ ብለን ወደ ባንክዎ መጣን።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ አቀባበሉ። የብድር ክፍሏ ወይዘሪት ሊድያ «ንብረቱ በአካል ቀርቦ ይታያል» ስላለችን፣ ከሁሉ ጨዋ የሆነችውን አህያችንን አጥበን አመጣናት። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ለገሠ ሥራቸውን አክባሪ ናቸውና መፈተሻውን ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ አዙረውባት «ምንም አልያዘችም፣ ትግባ» አሉ። ገብታም ወረፋ ያዘች፤ ከፊቷ የነበሩት ደንበኞች በገዛ ፈቃዳቸው ተራቸውን ለቀቁላት። «ሕልምዎን እውን እናደርጋለን» የሚለውን በራሪ ወረቀት መብላቷን አልክድም፤ ነገር ግን ከዚያ ወረቀት እስከ ዛሬ የተጠቀመች ብቸኛዋ ደንበኛ እሷ ናትና ባንኩ ሊኮራባት ይገባል።

፪ኛ፦ ስለ ሰጡን ትምህርት። ከቢሮዎ ሲወጡ አህያዋ ሰላም ልትልዎ ጠጋ ብትል፣ እርስዎ ወንበር ላይ ወጥተው «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። «ማስያዣችን ናት ጌታዬ» አልኩ። ከወንበሩ ሳይወርዱም «ተንቀሳቃሽ ስንል እኮ የማይንቀሳቀስ ተንቀሳቃሽ ማለታችን ነው!» ብለው አስረዱን። ይህን የመሰለ ዕውቀት ያለ አንዳች የአገልግሎት ክፍያ ስላካፈሉን ውለታዎን የምንከፍልበት አቅም የለንም።

፫ኛ፦ ስለ ወለድ አልባው መስኮት። ሩቂያ ወለድ ሐራም ነው የምትል ሴት ስለሆነች ወደዚያ መራችሁን። ቃላችሁን ጠብቃችኋል፦ ወለድ የለም፤ ብድርም የለም፤ መስኮቱ ላይም ሰው የለም።

፬ኛ፦ ስለ ቀጠሮው። «ዛሬ ገንዘብ የለም፣ ሰኞ ተመለሱ» እያሉን ስንት ሰኞ ተመላለስን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ዘላለም መባላቸውን ስንሰማ የቀጠሮውን ርዝመት መገመት ነበረብን።

አምስተኛውን ቁጥር ትቼ የሆነውን ልንገርዎ። ሸክም የበዛባት አንዷ አህያችን ጀርባዋ ተልጦ ተኛችብን። ደንበኞቻችን ወደ ሌላ ማየት ጀመሩ። ሩቂያ ለሠርጓ የተሰጣትን ጉትቻ አውልቃ መዳፌ ላይ ስታስቀምጥ፣ እውነቴን ነው ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን መሳቅ አቃተኝ። ጉትቻውን መልሼ ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ወሬውን የሰሙት የእቁባችን ዳኛ፣ ሸዋ በር ላይ ቲማቲም የሚሸጡት አዴ ሀቢባ፣ «ዕጣው ለእኔ ወጥቶ ነበር፤ እናንተ ውሰዱት» አሉን። «ምን እናስይዝልዎ?» ብላቸው፣ «ፊታችሁን በየቀኑ አየው የለም እንዴ? ምን ማስያዣ አመጣሽብኝ!» ብለው ተቆጡኝ። አንዲት አህያ ገዛን፤ የተኛችውም አገገመች።

ከዚያ በኋላ ነው ባንክዎ ጀጎል ውስጥ ቅርንጫፍ ልክፈት ብሎ፣ ዕቃውን የጫነው መኪና ሸዋ በር ላይ ተገትሮ የቀረው። ስልኬ ጮኸ። «ወይዘሮ ሥራዬ፣ እባክዎን ይድረሱልን» አሉኝ፤ «አንቺ» ይሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ደረስንልዎ። ወንበሮቹን፣ ጠረጴዛውንና ትንሿን ካዝና አህዮቻችን ጭነው፣ ሕፃናት እያጨበጨቡ፣ «ባንኩ በአህያ ገባ!» እየተባለ በክብር አስገባናችሁ። ሩቂያም ሒሳቡን ቀድማ በእጇ ተቀበለች፤ «ኢንሻአላህ ሰኞ እከፍላለሁ» ሊሏት ሲሉ «ሰኞን እናውቀዋለን ጋሼ» ብላ። ካዝናው ባዶ ስለነበረም ለአህዮቻችን አልከበዳቸውም፤ «ገንዘብ የለም» ሲሉን ዋሹን ብለን ስለጠረጠርንዎ በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለአነስተኛ ነጋዴ ያለዎት ርኅራኄ ከዚህም በላይ እንዲሰፋና አንድ ቀን እኛ ዘንድ እንዲደርስ እየተመኘሁ፣

በጠባቡ መንገድ ስንተላለፍ ከአህዮቻችን ጋር ቆማ መንገድ የምትለቅልዎ፣
አክባሪዎ
ሥራዬ ወልደ ጊዮርጊስ
ከጀጎል፣ ሐረር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእቁቡ ለገዛናት አህያ ስም ለማውጣት ብዙ ተከራክረን ነበር። በመጨረሻ ሩቂያ «ብድር» አለቻት፤ ጠርተናት መጥታ ስለማታውቅ።