ገንዳው ውስጥ ያለው አንበሳ

ረቡዕ

ወተት! የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ዛሬ ወተት መስሏል። ክሎሪን የሚጨምሩት አያቴ ናቸው፤ እኔ አቦሓጎ የምላቸው። ሸሚዛቸው በክሎሪን ነጠብጣብ ነብር ሆኗል። የውሃው ጥራት መመርመሪያቸው ደግሞ አንበሳ ያለበት የአንድ ብር ሳንቲም! ጥልቁ ጋ ይጥሉታል፤ ከዳር ቆመው አንበሳው ከታያቸው ገንዳው ይከፈታል። ዛሬ ዝሆን ቢሰጥምም አይታይም።

«ዓይንዎ ነው» አልኳቸው።

«ምላስሽ ነው።»

የሆቴሉ ባለቤት ለተይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካልጠራ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብላለች። አቦሓጎ እንዳልሰማ ሆኑ። ምሳቸውን ግን አልጨረሱም።

ኀሙስ

«ቆሻሻው አይሎ ነው» ብለው የክሎሪኑን ዱቄት ደገሙት። ባሰበት! የዱቄቱን በርሜል አነበብኩ፤ ካልሲየም ይላል። ቤት ሄጄ ሻይ ልጥድ ስል የማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ አብቅሏል። ከተማችን የምትጠጣው የዓይናለም ጉድጓድ ውሃ እንደሆነ ራሱ ኖራ ነው። እኛ ሌላ ኖራ እንጨምርለታለን!

«ፈሳሹን ክሎሪን እንሞክር፣ አቦሓጎ።»

«በረኪና? ልብስ ላጥብ?»

ማንቆርቆሪያውን ወስጄ አሳየኋቸው። ነጩን ድንጋይ በጥፍራቸው ፋቁት። ከዚያ፦ «ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ይህን ለለተይ እንዳታሳዪ።»

አሸነፍኩ!!

ዓርብ

ጠዋት የገንዳውን ሥር በመረብ ስጠርግ ሳንቲሙ ወጣ፤ ኪሴ ከተትኩት። የመመርመሪያ ጠብታውን በብርጭቆ ስንሞክር ውሃው ቀላ፤ አሲድ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ጨመሩ። ፈሳሹን ክሎሪን አብሬ ልድፋ ስል እንዴት ጮኹብኝ!

«አንድ ላይ ከሆኑ ጭሱ ሳንባሽን ይበላዋል!»

እሺ፣ ይህን ያውቃሉ። እጄን ግን እስከ ቤት ድረስ አልለቀቁም። ክሎሪኑን ከሰዓት በኋላ ለብቻው ጨመሩ። ፓምፑ እያጣራ ነው። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ

ጠብታው ደህና ነው። ለተይ መጣች።

«እህሳ አቦይ፣ አንበሳው ታየ?»

አቦሓጎ ዳር ቆመው ዓይናቸውን አጠበቡ። ያኔ ኪሴን ዳሰስኩ። ሳንቲሙ!

«ጎፈሩ ሳይቀር!» አሉ።

ለተይ ጎንበስ አለች፤ የሥሩ ሰድር አንድ በአንድ ይቆጠራል። «በሉ ይከፈት» ብላ ሄደች።

ባዶ ውሃ ውስጥ አንበሳ ከነጎፈሩ! ሳቄን ይዤ፣ በምን ሰበብ ዓይን ሐኪም ጋ እንደምወስዳቸው ሳሰላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንበሳውን ከኪስሽ አውጪና ቦታው መልሺው። ዓይንሽን ደግሞ አስመርምሪ፤ ትናንት ኪስሽ ስትከቺው ከኋላሽ የቆመውን አያትሽን አላየሽም።»

መለስኩት። ከላይ ሆኜ እንኳ ጎፈሩ ይታያል።