ሞላ የሌለው ሹካ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ከሮቢት ስመለስ ዛሬም ንፋሱ ፊት ለፊት። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ስውጥ መዋሌ ሳያንስ... የሳይክሏ የፊት ሹካ ሞላ ስላለው በረገጥኩ ቁጥር ወደ ታች ዘጭ ይላል። ጉልበቴ ግማሹ እዚያው ሞላው ውስጥ ይቀራል። ሳይክል ጠጋኙ አራጌ ጋ ጎራ አልኩ። "ሞላ የሌለው፣ ደረቅ ሹካ አለኝ፣ አስፋልት ላይ ትበራለህ" አለኝ። ልቤ እዚያው ቀረ።

ግን የኔ ብቻ አይደለችም። አብሮን ይኖር የነበረው ይሁኔ ተዛውሮ ሲሄድ ለሁለታችን ነው የተዋት፣ ለኔና አብሮኝ ለሚኖረው ለጌታሁን። ጌታሁን ነርስ ነው፤ ሐሙስና ዓርብ የክትባት ሣጥኑን ጭኖ ወንዙን ተሻግሮ ገጠር ይወጣባታል። በሌላው ቀን እኔ ሮቢት አስተምርባታለሁ። ልንገረው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
እራት ላይ ነገርኩት። ሹካውን ልቀይረው ነው፣ ምን ትላለህ? አልኩት። ጉርሻውን ይዞ ትንሽ ዝም አለ።

"እንደፈለክ" አለ።

ተስማማ ማለት ነው። ጥሩ ልጅ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ተቀየረ! ደረቁ ሹካ አጠር ስለሚል ሳይክሏ ፊቷን ደፋ አድርጋለች። ግን ፍጥነቷ! ንፋሱም ምንም አላለኝ። ባለ ሞላውን ለአራጌ ተውኩለት። ምን ያደርግልኛል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 28
ጌታሁን ቀኝ እጁን እያሸ ገባ። ምን ሆንክ? ስለው "ምንም፣ ብርድ ነው" አለኝ። በዚህ በቆቦ ሙቀት ብርድ? ሳቅኩና ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
ትምህርት በግማሽ ቀን ተለቀቀ፤ ልጆቹ ለማሽላ አጨዳ ተፈልገው። ቤት ስደርስ ሳይክሏ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በጌታሁን ቀን! የቤት አከራያችንን እትዬ አበበችን ጠየቅኳቸው። በእግሩ ነው የወጣው አሉኝ፣ ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ፣ በረዶው እንዳይቀልጥበት ገና ሳይነጋ። ዛሬ ብቻም አይደለም።

"አንተ አብረኸው እየበላህ አታውቅም? የመንገዱ ድንጋይ እያንገጫገጨ እጁን ገድሎታል እኮ። ያኔ ሞላው ይይዝለት ነበር።"

ተማሪ ሳለ ተሰብሮ የተጠገነ የእጅ አንጓ ነው አሉኝ። አሁን ሳይክሏ ፊቷን ስትደፋ ክብደቱ ሁሉ እጁ ላይ አረፈ። ከወንዙ ማዶ ሲደርስ ጣቶቹ ደንዝዘው መርፌ መያዝ አቅቶት ያውቃል። አንዲት እናት ልጄን ሁለቴ ወጋብኝ ብላ ጮኸችበት። ለእሳቸው ነግሯቸዋል። ለኔ አልነገረኝም።

ማታ ጠየቅኩት። ለምን ዝም አልከኝ?

"ነግሬህ ነበር እኮ።"

"መቼ?"

"እንደፈለክ አልኩህ። ደስ ቢለኝ እሺ እልህ ነበር።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኛ ቤት እናቴ "እንደፈለክ" ካለችኝ የያዝኩትን አስቀምጬ ነው የምቀመጠው። ታዲያ የጌታሁን ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ያቺን ዝምታውንም ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ማለት ስለተመቸኝ ነው... አፈርኩ። በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ባለ ሞላውን ላስመልስ አራጌ ጋ ሄድኩ፤ ለካ ዋጃ ላለ ሰው ገጥሞለታል። እሱባለው ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7
ዋጃ ሄድኩ። እሱባለውን ሱቁ አገኘሁት። የጌታሁንን እጅ ነገርኩት፣ ደረቁን ወስደህ ባለ ሞላውን መልስልኝ ብዬ ለመንኩት። መቀሱን አስቀመጠ። ሳይክሉን አየት አደረገ።

"እንግዲህ... እንደፈለክ" አለኝ።

ቃሏን አወቅኳት። ሹካውን አስፈትቼ መውሰድ እችል ነበር፤ አራጌን ይዤው ነው የሄድኩት፣ መፍቻው በእጁ ነው። ቁጭ አልኩ። አልፈለክም ማለት ነው፣ እሺ እንድትለኝ ምን ላድርግልህ? አልኩት። ሳቀ። እህቱ ሩት ዘንድሮ የአስረኛ ክፍል ፈተና አለባት፣ ሒሳብ አልገባ ብሏታል። እሑድ እሑድ መጥቼ ላስተምራት ተስማማን።

ያኔ ነው "እሺ" ያለው። ሁለቴ አስደገምኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ጌታሁን በሳይክሏ ወጣ። ሞላውን በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረው፣ ሣጥኑን ጫነ። ማታ እጁን አይቼ ጠየቅኩት። ሁለቱ ጣቶቹ ገና ከድንዛዜው አልተመለሱም። ይመለሱ ይሆን? እሱም አያውቅም። እኔ ንፋስ ሸሽቼ... አይ እኔ!

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5
ከዋጃ አሁን ገባሁ። ሩት ሳትገባት "ገባኝ" የማለት አመል አለባት፤ ሦስት ጊዜ ያዝኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ የምይዛት!

እራት ላይ ጌታሁንን፣ ነገ ጎብዬ ስብሰባ አለብኝ፣ ሳይክሏን ይዤ ልሂድ? አልኩት። ሰኞ የኔ ቀን ነው፤ እንዲሁ ለወጉ ነው የጠየቅኩት።

"አይሆንም" አለኝ። "ነገ ክትባት ጨምረውብኛል፣ እኔ እፈልጋታለሁ።"

ቀና ብሎም አላየኝም፣ ሽሮውን ይበላል። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ግን ከለከለኝ። እዚህ ቤት አብረን ስንኖር እንዲህ በግልጽ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ፣ ምኑ እንዳስደሰተኝ ግን አልነገርኩትም።

ነገ በሚኒባስ እሄዳለሁ።